ጥጃ የሌላት የድንጋይ ላም

አኳራጅ ሲሸተኝ ይርበኛል። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቅብኛል፤ ቀለም ማቅጠኛ ሸቶት ሆዱ የሚጮህ ጤነኛ ሰው የለማ። ምን ላድርግ፣ ያደግኩት ከሠዓሊ ክፍል አጠገብ ነው። ጋሼ ሐጎስ ብሩሻቸውን በአኳራጅ ማጠብ ሲጀምሩ ስድስት ሰዓት ሆነ ማለት ነበር፤ እኛም ቤት ምሳ ይቀርብ ነበር። ሆዴ ያንን ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ባለፈው ሰኔ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስወርድ ያው ሽታ አገኘኝ። አንድ ሠራተኛ የቆርቆሮ አጥር አረንጓዴ ቀለም እየቀባ ነበር። ከቆርቆሮው ወዲያ የእኛ ግቢ ነበር፤ ነበር ነው እንግዲህ፣ ሰፈሩ ከፈረሰ ሰነባብቷል። ቤቶቹ የሉም። የቀረው የአጥሩ አንድ ጥግና መሬት ላይ የተነጠፈው ድንጋይ ብቻ ነው። ሰው ግን ተሰብስቧል። አጠገቤ የቆመውን ሎተሪ አዟሪ ምን ተፈጠረ አልኩት።

«ጥንታዊ ድንጋይ ተገኘ፣ እናቴ» አለኝ። «ከምኒልክ በፊት ነው እያሉ ነው። ባለሙያ ሁሉ መጥቷል።»

ተጋፍቼ ገባሁ። መነጽር ያደረገ ወጣት ተንበርክኮ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያለውን አፈር በትንሽ ብሩሽ ቀስ አድርጎ ይጠርጋል፤ ሕፃን የሚያጥብ ነው የሚመስለው። ድንጋዩ ላይ ላም ተቀርጻለች። ቀንዶቿ ክብ ሠርተው ሊገጥሙ ትንሽ ነው የቀራቸው። አንገቷ ላይ ሦስት መስመር አለ። አራቱም እግሮቿ ተንጋደው ወደ አንድ ወገን ሄደዋል። ሆዷ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ደርሶ እዚያው ያልቃል።

ወዲያው ነው ያወቅኳት። የቀረጽኳት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥር ዓመቴ ነበር፣ ክረምት ነበር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በግቢያችን አምስት አባወራ በአንድ ቧንቧ ይጠቀማል። መሬቱ የአምቦ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ የድሮው ባለቤት አርመን ነበር ይባላል፣ ግሪክ ነበር የሚልም አለ። እናቴ ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ስለነበር ጠዋት ወጥታ የምትገባው ሲመሽ ነው። አባቴን አላውቀውም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የምውለው ጋሼ ሐጎስ በር ላይ ነበር።

ጋሼ ሐጎስ በሩ አጠገብ ያለችውን፣ ድሮ የዘበኛ ቤት የነበረችውን ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አገራቸው አጋሜ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቻቸው ሁልጊዜ ከሰል የነካቸው ሰው ነበሩ። እኔን «ጓለይ» ይሉኛል፤ በእነሱ አገር ቋንቋ ልጄ ማለት ነው። የሚሥሉት ተራራ ብቻ ነበር። አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ አምባ፣ እግሩ ሰማያዊ፣ ትከሻው ቀይ። ተራራው ጎን ላይ ግን ዛፍም ቤትም አይሥሉም፤ ላም፣ የእጅ መዳፍ፣ ፀሐይ፣ ጦር የያዘ ቀጭን ሰው፣ ከድንጋይ ላይ የተፋቀ የሚመስል መስመር ነው የሚሞሉት።

እማማ ደስታ፣ የግቢያችን ትልቅ ሰው፣ ይህ ነገር አይዋጥላቸውም ነበር።

«ሐጎስ፣ ተራራ ላይ ያቆምካት ላም ምን ትበላለች?»

«ታሪክ ትበላለች፣ እማማ።»

«ታሪክ የበላች ላም ምን ትታለባለች? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ይልቅ የእኔን በር ቀለም ብትቀባልኝ ትጸድቃለህ።»

በሩንም ቀቡላቸው። ሰማያዊ አደረጉትና ጥግ ላይ ትንሽ ፀሐይ ጨመሩበት። እማማ ደስታ ፀሐይዋን በቢላ ፋቋት።

እኔ ሁሉንም እጠይቃለሁ፤ ጋሼ ሐጎስም ሁሉንም ይመልሳሉ። ችግሩ፣ መልሳቸው ሁልጊዜ ሌላ ነገር ነው። «ተራራው ተራራ አይደለም፣ ጓለይ። ሽማግሌ ነው። ብዙ ያያል፣ ትንሽ ይናገራል። ላሟ ደግሞ የተናገራት ነገር ናት።» ይህን ከሰማሁ በኋላ ጠዋት ጠዋት አጥር ላይ ወጥቼ እንጦጦ ምን እንደሚናገር መጠበቅ ጀመርኩ። ክረምት ስለሆነ እንጦጦ ጉም ተከናንቦ ነው የሚውለው። ታሞ ነው አልኩ።

ሌላም አለ። ላሞቹን የቀረጹት የጥንት ሰዎች ናቸው ብለውኝ ነበር። እኔ የማውቀው ጥንት እማማ ደስታ ነበሩ። ሄጄ «እማማ፣ ልጅ እያሉ ድንጋይ ላይ ላም ቀርጸው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አፈር ብዪ! ስንት ዓመቴ መሰለሽ?» አሉኝ። ሁለት ቀን ኩርፊያ ነው።

ጋሼ ሐጎስ ከአልጋቸው በላይ በምስማር የሰቀሉት አንድ የአቡጀዲ ጨርቅ ነበራቸው። የተሣለበት ሥዕል አይደለም፤ ከድንጋይ ላይ በከሰል የተነሣ ነው። ጨርቁን ቅርጹ ላይ ዘርግተው በከሰል ሲያሹት ጎድጓዳው ነጭ ይቀርና የቀረው ይጠቁራል። ላም አለች፤ ከሆዷ ሥር አንገቱን የዘረጋ ጥጃ አለ፤ ከእግራቸው በታች የተራራ ሰንሰለት እንደ መጋዝ ጥርስ ይሄዳል። አንድ ዝናባማ ጠዋት ስለዚህች ላም ነገሩኝ።

ድንጋዩ የነበረው ከአገራቸው በላይ ያለ ገደል ሥር ነው። አንዲት ሴት ወልዳ፣ ልጇ ክርስትና ከተነሣ በኋላ፣ ወጥታ የላሟን ግንባር ቅቤ ትቀባለች። ቅቤው ፀሐይ ሲመታው ይቀልጥና በአንገቷ፣ በሆዷ ወርዶ ጥጃዋ አፍ ላይ ይደርሳል። ያኔ ልጁ ያድጋል ይባላል። «እናቴም ለእኔ ቀብታለች» አሉ ጋሼ ሐጎስ። «ስድስት ወልዳ የቀረሁላት እኔ ብቻ ነኝ።» ካደጉ በኋላ በዚያ በኩል መንገድ ሊወጣ ነው ሲባል ሰምተው ሄዱ፤ ጨርቁን ዘርግተው ላሟን አነሧት። በሁለት ሳምንቱ ገደሉ በድማሚት ተናደ።

«አሁን ድንጋዩ የት አለ?» አልኳቸው።

«ጠጠር ሆኗል። መኪና ይሄድበታል» አሉኝ። ድምፃቸው ምንም አልተለወጠም፤ ስለ ዳቦ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ስለዚህ እኔም ብዙ አላዘንኩም።

ከሰል ማሸት አስተማሩኝ። መጀመሪያ በሳንቲም፤ ወረቀት ሥር አድርጌ በእርሳስ ሳሽ አንበሳው ከነጎፈሩ ብቅ አለ። እንዴት እንደጮህኩ! ከዚያ በኋላ የፒያሳን የብረት በር አንድ በአንድ አሸሁት፤ የአበባ ቅርጽ፣ የወይን ዘለላ፣ የማላውቀው ፊደል። ደብተሮቼ በሙሉ ጠቆሩ። እናቴ ምን ልትል ትችላለች፤ «አቶ ሐጎስ፣ ይቺን ልጅ ከሰል ሻጭ ሊያደርጓት ነው?» አለች።

የዚያን ክረምት ትልቅ ሸራ ወጥረው ነበር፤ ስፋቱ ሁለት በር ያህላል። ተራራው አልቋል። የቀረችው ላሟ ናት። ጨርቁን እያዩ ይሥሏታል፣ ወደ ኋላ ሄደው ያይዋታል፣ ከዚያ በአኳራጅ አብሰው ያጠፏታል። ሦስት ጊዜ ሥለው ሦስት ጊዜ አጠፏት። «እምቢ አለችኝ» ይላሉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለእናቴ ሲነግሯት ሰማሁ፤ «ለአዲስ ዓመት ካላለቀች ጠቅልዬ አገሬ እገባለሁ፣ ወይዘሮ ሙሉ። እናቴን አንዴ በጨርቅ አመጣኋት፤ ሥዕል ላይ ማውጣት ካቃተኝ ከተማ ተቀምጬ ምን እሠራለሁ?»

ያ ንግግር እኔን ነው የመታኝ። ምን ይታይሻል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከእሳቸው ሌላ አልነበረም። ሌላው ሁሉ የሚጠይቀኝ በላሽ ወይ፣ ታጠብሽ ወይ ነው። እንዲሄዱ አልፈለግኩም፤ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ጳጉሜ ገባ። ጋሼ ሐጎስ ደብረ ብርሃን የታመመ ዘመድ ሊጠይቁ ለአምስት ቀን ሄዱ። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። «መስኮቱን ቀን ቀን ክፈቺ፤ ሸራው አየር ያግኝ። ጨርቁን ግን እንዳትነኪ።»

«እሺ ጋሼ።»

ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። የሩፋኤል ዝናብ እኛ ግቢ እንደ እንግዳ ነው የሚጠበቀው፤ የዚያን ዕለት ሰማይ ይከፈታል፣ የሚወርደው ሁሉ ጠበል ነው። እናቶች ለሊጥ የሚሆን ውኃ ሊያጠራቅሙ ባልዲና ድስት ይደረድራሉ። ልጆች በፓንት ብቻ ወጥተን እንጨፍራለን። ጎረቤታችን ቢኒያም አንድ ክፍል ደግሞ ነበር፤ እናቱ ባለፈው ሩፋኤል እስክሪብቶውን ዝናብ ላይ አውጥታለት በዓመቱ አለፈ። ይህን ግቢው ሁሉ ያውቃል። ላደረግኩት ነገር ሰበቤ ያ እስክሪብቶ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ጀመረ። ጋሼ ሐጎስ በር ላይ ቆሜ አሰብኩ። ሸራውን ማውጣት አልችልም፣ ይከብደኛል። እምቢ ያለቻቸው ላሟ ናት፤ ላሟ ደግሞ ያለችው ጨርቁ ላይ ነው። ላሟ ከተባረከች እሺ ትላለች። አትንኪ ተብያለሁ፤ ስለዚህ አልነካሁትም። በመጥረጊያ እንጨት ከምስማሩ አወረድኩት፣ በእንጨቱ እንደተሸከምኩ ወጣሁና የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አሰጣሁት። በጣቴ ጫፍ እንኳ አልነካሁትም። በዚህ በጣም ኮርቼ ነበር።

ከዚያ ከነቢኒያም ጋር ገባሁበት። «ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!» ዘወር ስል ከጨርቁ ጥቁር ውኃ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ላይ ፈስሶ እግሬ ሥር ደረሰ። ምን መሰለኝ? ጠበል ቦታ ሰው ሲጠመቅ ክፉው ነገር ጮሆ ይወጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ከላሟም ክፉው እየወጣላት ነው አልኩ። ደስ አለኝ። በደንብ ይውጣላት ብዬ ዝናቡ እስኪያባራ ተውኳት።

ሲያባራ ሄጄ አየሁ። ግራጫ አቡጀዲ ነው። ላም የለም፣ ጥጃ የለም፣ ተራራ የለም። ገለበጥኩት፤ በዚያ በኩልም የለም። ልጅ ሞኝ ነው፣ መሬት ላይ ሁሉ ፈለግኳት።

ያን ጊዜ የተሰማኝን አሳምሬ አስታውሰዋለሁ፤ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እናታቸውን ያጠፋሁባቸው መስሎኝ ነበር። ለእናቴ ልንገራት አልኩ፤ አፌ እምቢ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ላሟን ክረምቱን ሙሉ ሳያት ነው የከረምኩት፣ ማሸትም አውቃለሁ። የሚጎድለኝ ድንጋዩ ብቻ ነው። ድንጋይ ደግሞ በሽ ነው፣ ግቢው ሞልቷል።

የሥዕል ፍሬም የሚሠሩበትን መሮና መዶሻ ከክፍላቸው ወሰድኩ። ከቧንቧው ራቅ ብሎ፣ ጓዳችን ግድግዳ ሥር ያለውን ድንጋይ መረጥኩ፤ ሰው ብዙ አያልፍበትም። ሁለት ቀን ቀረጽኩ። የአምቦ ድንጋይ ለስላሳ ነው ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ቀርጸው አያውቁም። ጣቴን ሁለት ጊዜ መታሁት። እማማ ደስታ ከቤታቸው ሆነው «ማነው የሚቀጠቅጠው?» ሲሉኝ «ነጭ ሽንኩርት ነው እማማ!» አልኩ። በዓል ዋዜማ ስለሆነ ግቢው በሙሉ አንድ ነገር ይቀጠቅጥ ነበር፤ ማንም ነገሬ አላለኝም።

ቀንዱ ተሳካ። አንገቱ ላይ ሦስቱ መስመሮች ተሳኩ። እግሮቹ ተንጋደዱ፣ መመለሻ የለውም። ሆዷን ስጨርስ ድንጋዩ አለቀ። ጥጃው ቦታ የለውም። ቀጣዩ ድንጋይ ላይ እንዳልቀጥል በመካከላቸው ስንጥቅ አለ፤ ጨርቁ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣብኛል። ጊዜም የለም። ትንሽ ነገር ናት፣ አያስተውሏትም አልኩ። ጨርቁን በእናቴ የከሰል ካውያ አድርቄ ድንጋዩ ላይ ዘርግቼ አሸሁት። ከታች የመጋዝ ጥርሱን በእጄ ጨመርኩበት። በእንጨት ሳይሆን በእጄ ሰቀልኩት፤ ከእንግዲህ መንካት አለመንካት ምን ዋጋ አለው። ባዶውን የውኃ በርሜል እያንከባለልኩ አምጥቼ ድንጋዩ ላይ አቆምኩት። ለእናቴ የጣሪያውን ውኃ እዚህ የበለጠ ይይዛል አልኳት። «ጎበዝ፣ አሁን ልብ ገዛሽ» አለችኝ። እሱ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ።

ጋሼ ሐጎስ የመጡት በዋዜማው ማታ ነው። ክፍላቸው ገቡ። ቆዩ። ከዚያ «ጓለይ!» አሉ።

«አቤት ጋሼ።»

ጨርቁ ፊት ቆመዋል፤ ጀርባቸው ነው የሚታየኝ። «ጥጃዋስ?» አሉ።

«እኔ እንጃ።»

ዘወር ብለው አዩኝ፤ ፊቴን ሳይሆን እጄን። አውራ ጣቴ ላይ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል። ከጠረጴዛው ላይ መሮውን አንሥተው ጫፉን በጣታቸው ዳበሱት። ጥርሱ ረግፏል።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

መሮውን ወደ ቦታው መለሱት። ከዚያ ቀስ ብለው «ላም ያለ ጥጃዋ ወተቷን አትሰጥም» አሉ። እኔ ወተት ያማራቸው መሰለኝ። የምችለውን ሁሉ ላደርግላቸው ዝግጁ ስለነበርኩ ሮጥኩ፤ እናቴ ለበዓል ያስቀመጠችውን ወተት በብርጭቆ ሞልቼ አመጣሁላቸው። ብርጭቆውን ተቀብለው አዩት፤ እኔን አዩኝ። ቆመው በአንድ ትንፋሽ ጠጡት።

«ተባረኪ» አሉኝ። እናቴ ስለ ወተቱ የገረፈችኝን ሌላ ጊዜ እነግራችኋለሁ።

እንቁጣጣሽ አለፈ፤ እሳቸውም መሣል ጀመሩ። በሦስት ቀን ላሟን አወጧት። ደግሞ የእኔን ላም! ከነተንጋደደው እግሯ ተራራው ደረት ላይ አቆሟት፤ አላበሷትም። እማማ ደስታ በበሩ አንገታቸውን አስገብተው «ይህቺ ደግሞ ምነው ጠጥታ ነው?» አሉ።

«ገና መራመድ እየለመደች ነው፣ እማማ» አሉ ጋሼ ሐጎስ።

ከሆዷ ሥር ግን ምንም አልሣሉም። ዙሪያው ሁሉ ቀይ ሆኖ የጥጃ ቅርጽ ያለው ባዶ ሸራ ተውት። ቀለም አለቀባቸው አልኩ። የትምህርት ቤቴን የውኃ ቀለም ይዤላቸው ሄድኩ፤ ቡኒው አልተነካም ነበር። ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ፤ ግን አልተጠቀሙበትም። ከመስቀል በኋላ ሰዎች መጥተው ሸራውን በጭነት መኪና ወሰዱት። ሥዕሉ አለቀ፣ ከእንግዲህ አይሄዱም ብዬ አንድ ሳምንት ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ሄዱ። ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ በሩ ላይ አገኙኝና እንደ ትልቅ ሰው ጨበጡኝ። «ደህና ሁኚ፣ ጓለይ። እጅሽን ጠብቂ።» እጄ ቆሽሾ ነው ብዬ ትምህርት ቤት ስደርስ ታጠብኩ። ከሰዓት ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው፤ አኳራጁ ብቻ ይሸታል። በሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናቴ የዚያን ቀን ሥራ አልሄደችም ነበር። «ደግ ሰው ናቸው» አለችኝ፤ «ሊሄዱ ሲሉ እንኳ ያ በርሜል ዘሟል ብለው፣ አንሥተው ሥሩን ሲቀጠቅጡ አረፈዱ። ውኃም ሞልተውልን ሄዱ።»

ሮጬ ሄድኩ። በርሜሉ ስንዝር ያህል ወደ ጎን ተጠግቶ፣ ሁለት ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ እስከ አፉ ሞልቷል። ብገፋው ንቅንቅ አላለም። ላሟን አይተዋል ማለት ነው? ካዩማ ለምን ሳይቆጡኝ ሄዱ? ስለዚህ አላዩም። ልጅ ስትሆን የሚመችህን መልስ ለማግኘት ብዙ አትደክምም። በርሜሉም ሰፈሩን እስክንለቅ ከቦታው አልተነሣም።

እንግዲህ ባለፈው ሰኔ ባለሙያው ወጣት ለተሰበሰበው ሰው የሚያስረዳው ስለዚህች ላም ነበር። ድንጋዩ ላይ ቀይ የግማሽ ክብ ምልክት አለ። «ይህ የፀሐይ ምልክት ሊሆን ይችላል» ይላል።

«የበርሜል ዝገት ነው» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

ሰው ሁሉ ዞረ። «ምን አልሽ እህቴ?» አለ ባለሙያው።

«የበርሜል ዝገት ነው። ላሟን ደግሞ የቀረጽኳት እኔ ነኝ። በመሮ።»

ሎተሪ አዟሪው «አቦ ተይው፣ እኔም ላሊበላን ፈልፍዬዋለሁ፣ ግን አውርቼ አላውቅም!» አለ። ፒያሳ ፈርሶ አፉ አልፈረሰም፤ ሰው በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅኩ። ባለሙያው ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ አልሳቀም። «ማስረጃ አለሽ?» አለኝ።

«ጥጃ የላትም» አልኩት። «ሊኖራት ይገባ ነበር። ድንጋዩ አልቆብኝ ነው።»

አካፋ ይዞ ከጎኑ የቆመው የቀን ሠራተኛ «ጥጃዋማ ይቺውና» አለ።

ጎንበስ ብሎ በእጁ ቀጣዩን ድንጋይ ጠረገው። የዝገቱ ሌላው ግማሽ እሱ ላይ ነበር። በክቡ ውስጥ ጥጃ አለች። የእኔ ሥራ አይደለችም። መስመሯ አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም፤ አራት እግሯ መሬት ረግጧል፣ ጅራቷ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ አንገቷ በስንጥቁ በኩል ወደ እኔ ላም ሆድ ተዘርግቷል። አፏ የሚደርሰው ልክ ጡቷ ላይ ነው።

ባለሙያው በጣም ጎንበስ ብሎ አያት። «ሁለት እጅ ነው» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። «ላሟን የሠራው ጀማሪ ነው። ጥጃዋን የሠራው ግን የለመደበት ሰው ነው። ላሟ ካለቀች በኋላ ነው የመጣው፤ እሷን እንዳይነካ ተጠንቅቆ።»

የፈረሰው ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። አውቀዋል። ጨርቁን ያዩ ዕለት፣ ወተቱን ሲጠጡ፣ ጠማማዋን ላም ሲሥሉ፣ ሲጨብጡኝ፣ ሁሉ ጊዜ ያውቁ ነበር። እሳቸውን ሳስባቸው እንዲህ አድርጌ አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ በራቸው ላይ እንኳ። ሎተሪ አዟሪው ደንግጦ ውኃ አመጣልኝ። «ይቅርታ እህቴ፣ ለቀልድ ብዬ ነው» አለኝ።

በዚህ መካከል ሁለት ጎረምሶች የላሟን ድንጋይ በገመድ አሥረው ደጅ ወደቆመው መኪና ሊያነሡ ነው። «ይህቺኛዋ ለሰኞ ትቆይ» አለ አንዱ በእግሩ ጥጃዋን እያሳየ፤ «ዛሬ ወረቀቱ ላይ የተጻፈችው አንድ ናት።»

ተነሣሁ። «አይሆንም» አልኩ። «ላም ያለ ጥጃዋ ወተቷን አትሰጥም። ወይ አብረው ይጫናሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀመጣሉ።» ድምፄ ከምፈልገው በላይ ወጣ።

«እውነቷን ነው!» አለ ሎተሪ አዟሪው። «እናትና ልጅ ይለያያል እንዴ? ጫኑ ባካችሁ!» ሌላውም ተቀበለው። ጎረምሶቹ ባለሙያውን አዩት፤ እሱም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ገመዱን ፈትተው የጥጃዋን ድንጋይ መቆፈር ጀመሩ።

ባለሙያው መነጽሩን አወለቀና አጠገቤ መጥቶ ግንቡ ላይ ተቀመጠ። ማስታወሻ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ገለጠ፤ የጻፈውን ገጽ ትቶ አዲስ ገጽ አወጣ።

«እሺ እህቴ» አለኝ። «የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«አለ» አልኩት። «ዕለቱ ሩፋኤል ነበር።»